ስለ መኪና የኋላ ወንበር ማሞቂያ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጽሕፈት ቤቱ ስም የቀረበ ንግግር። ብርዱ ይዟቸው ላልመጡ ነዋሪዎች እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ከሁሉ አስቀድመን፣ በረዶውን ከደጃፋችሁ ጠርጋችሁ፣ ልጆቻችሁን አልብሳችሁ እዚህ ድረስ በመምጣታችሁ በማኅበራችን ስም እናመሰግናለን። ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ መኪና የኋላ ወንበር ማሞቂያ ነው። «ለዚህ ደግሞ ስብሰባ ይጠራል እንዴ?» የምትሉ አትጠፉም። ይሁን እንጂ ነገሩ ሰው ሊያቃጥል የሚችል መሆኑን ስላየን ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም።

እንደሚታወቀው ሁሉ እዚህ ሚኒሶታ ብርዱ የአገሩ ባለቤት ነው፤ እንግዶቹ እኛ ነን። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 2019 ሚኒያፖሊስ ከተማ ላይ ከዜሮ በታች 28 ፋራናይት ደርሶ ነበር። በአገር ቤቱ መለኪያ ከዜሮ በታች 33 ሴንቲግሬድ ማለት ነው። ያን ሰሞን እዚህ የነበራችሁ አትረሱትም። አገር ቤት ብርድ ሲሆን ጋቢ ደርበን ምድጃ ዳር ቁጭ እንላለን። እዚህ ግን ብርዱ ቀድሞን መኪናው ውስጥ ገብቶ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀናል።

ሹፌሩስ ግድ የለውም። ብዙ መኪኖች የፊት ወንበር ማሞቂያ ከፋብሪካው ይዘው ይመጣሉ። የሞተሩም ሙቀት መጀመሪያ የሚደርሰው ለፊተኞቹ ነው። የኋላ ወንበር ማሞቂያ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ዋጋቸው ከፍ ባሉት ላይ ነው። እኛ የምንነዳቸውን መኪኖች ደግሞ እናውቃቸዋለን፤ ሁለተኛና ሦስተኛ እጅ ናቸው።

ታዲያ ከኋላ የሚቀመጠው ማነው? አንደኛ ልጆቻችን ናቸው። ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የሚኒሶታ ሕግ መሠረት ዕድሜው ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ፣ የሚቻል እስከሆነ ድረስ፣ ከኋላ መቀመጥ አለበት። ሁለተኛ አረጋውያኖቻችን ናቸው። ማኅበራችን በተራ ወደ ሐኪም ቤት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ መስጊድ የሚያመላልሳቸው እናቶችና አባቶች ከኋላ ነው የሚቀመጡት። እነርሱ በብርድ እየተንቀጠቀጡ ፊት ያለው ሰው ሙቀት ላይ መቀመጡ አላስደሰተንም። ስለዚህም ከነዋሪዎቻችን አንዳንዶቹ የማሞቂያ ዕቃ ገዝተው ከኋላ ወንበራቸው ውስጥ ማስገባት ጀመሩ። ሐሳባቸው ደግ ነው። አሠራሩ ላይ ግን መነጋገር አለብን።

ባለፈው የበረዶ ወራት የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ባለመኪናው ስማቸው እንዳይጠቀስ፣ ነገሩ ግን እንዲነገር ፈቅደውልናል። ማሞቂያውን የገጠመላቸው አንድ የሚያውቁት ሰው ነበር፤ ከሥራ መልስ፣ በአንድ ምሽት። ሽቦውን በቀጥታ ከባትሪው ጋር አያያዘው፤ ፊውዝ አላደረገበትም። መጋጠሚያውን በፕላስተር ጠቀለለው። ሽቦው በወንበሩ ብረት ሥር ያልፍ ነበርና፣ ሰው በተቀመጠና በተነሣ ቁጥር ብረቱ እየፈተገው ልባሱ አለቀ። አንድ ቀን ጠዋት ከኋላ የተቀመጡ እናታችን «ልጄ፣ ጨርቅ የሚቃጠል ይሸተኛል» አሉ። ሹፌሩ መንገድ ዳር አቁመው ሁሉንም አስወረዱ። ወንበሩ ሲነሣ ስፖንጁ የእንጀራ ሰሃን በሚያህል ስፋት ጠቁሮ ተገኘ። ማንም አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን እኒያ እናት ባይናገሩ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

ስለዚህ የማኅበራችን አቋም ይህ ነው። «ማሞቂያ አታስገቡ» አንልም። የምንለው፣ ከኋላ የምናስቀምጠው ሰው ሲያቃጥለው መናገር የማይችል ወይም የማይናገር ሰው ስለሆነ፣ ወይ በደንብ ይሠራ፣ ወይ ይቅር ነው።

አሁን ዕቃው ራሱ ምን እንደሆነ እንመልከት። ነገሩ አዲስ ፈጠራ አይደለም። በዚህ በአሜሪካ ካዲላክ በ1966 ሞዴል መኪኖቹ ላይ የወንበር ማሞቂያ በተጨማሪ ክፍያ አቅርቧል። የስዊድኑ ሳዓብ ደግሞ በ1972 የሹፌሩን ወንበር ማሞቂያ ከመኪናው ጋር አብሮ ማውጣት ጀመረ። ዛሬ ለብቻው የሚሸጠውን ካርቶን ስንከፍት የምናገኘው ይህን ነው፦ ለመቀመጫውና ለመደገፊያው የሚሆኑ ስስ የማሞቂያ ጨርቆች፤ ከፍተኛና ዝቅተኛ የሚል ማብሪያ ማጥፊያ፤ ሪሌ የምትባል ትንሽ ጥቁር ሣጥን፤ ፊውዝና ሽቦ። ጨርቁ ውስጥ ቀጭን ሽቦ ወይም የካርቦን ክር አለ። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይሞቃል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ጨርቁ የሚገባው በወንበሩ ልብስና በስፖንጁ መካከል ነው።

ሒሳቡን እንሥራ። ለአንድ ወንበር፣ መቀመጫና መደገፊያው አንድ ላይ፣ 60 ዋት ይፈጃል ብንል፣ 60ን ለ12 ቮልት ስናካፍለው 5 አምፔር ይሆናል። ለሁለት ወንበር 10 አምፔር ማለት ነው። ይህ የሬዲዮ ያህል ቀላል ጭነት አይደለም። ስለዚህ በአቅራቢያችን ያገኘነውን ሽቦ ልጠን «ከዚህ እንሳብ» ማለት አይቻልም። ያ ሽቦ ለጣሪያው መብራት ታስቦ የተዘረጋ ይሆናል። ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ሽቦው ራሱ ይግላል፤ ማሞቂያ የሚሆነው እሱ ነው።

ፊውዝ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ፊውዝ ማለት በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው። ከተፈቀደው በላይ ኤሌክትሪክ ልለፍ ሲል ራሱን አቃጥሎ በሩን ይዘጋል። ያ የጠቆረው ወንበር ዘበኛ አልነበረውም። «ፊውዙ እየተቃጠለ አስቸገረኝ» ብለው ትልቅ ፊውዝ የሚከቱም አሉ። ይህ ዘበኛውን አባርሮ በሩን ከፍቶ እንደ ማደር ነው። ፊውዝ ደጋግሞ ከተቃጠለ አንድ የተበላሸ ነገር አለ፤ እሱ ይፈለግ።

ቀጥሎ ስለ ቃጠሎ። ብዙ ሰው የሚያቃጥል ነገር ማለት ሲነኩት «እፍ!» የሚያሰኝ ብቻ ይመስለዋል። ሞሪትዝና ሄንሪከስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1947 ያወጡት ጥናት እስከ ዛሬ ሐኪሞች የሚጠቅሱት ነው። እነርሱ እንዳገኙት፣ 60 ሴንቲግሬድ የሞቀ ነገር ቆዳን ለማቃጠል 5 ሰኮንድ ገደማ ይበቃዋል። 49 ሴንቲግሬድ ከሆነ ወደ 10 ደቂቃ የሚጠጋ ይፈልጋል። 44 ሴንቲግሬድ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ 6 ሰዓት ያህል ሳይላቀቅ ከቆየ ያቃጥላል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ 44 ሴንቲግሬድ ለእጅ ደስ የሚል ሙቀት ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ከሙቀቱም ከጊዜውም ነው። ወንበር ላይ ደግሞ ሰው ክብደቱን ጥሎ ሳይነቃነቅ ይቀመጣል።

ጤነኛ ሰው ሲበዛበት ይነቃነቃል፣ ያጠፋዋል። የስኳር በሽታ ነርቩን የጎዳው ሰው ግን ከወገቡ በታች መቃጠሉን ላያውቅ ይችላል። ስትሮክ ወይም የአከርካሪ ጉዳት ያለበትም እንደዚሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 የቃጠሎ ሐኪሞችና የደኅንነት ተሟጋቾች፣ የወንበር ማሞቂያ ሙቀት ላይ ገደብ እንዲጣል ለአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ያመለከቱት በእንዲህ ዓይነት ሰዎች ላይ በደረሰ ጉዳት ነው። ያም ከፋብሪካው በመጣ ማሞቂያ ጭምር ነው እንጂ፣ በቤት በተገጠመ ብቻ አይደለም።

በእኛ ሰዎች ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ይሉኝታ። እማማን «ሞቀዎት? በዛብዎት?» ብንላቸው «ምንም አልሆንኩ ልጄ፣ አንተ መንገድህን እይ» ነው የሚሉት። ሹፌሩን ላለማስቸገር ሲሉ ብርዱንም ይችሉታል፣ ሙቀቱንም ይችሉታል። ሕፃኑም ቢሆን ቢያለቅስ እራበው ወይም እንቅልፉ መጣ እንላለን እንጂ ወንበሩ አቃጠለው አንልም። ስለዚህ ጠይቀናቸዋል ብለን ልባችንን መጣል የለብንም። ጥንቃቄው በአሠራሩና በሹፌሩ እጅ ውስጥ መሆን አለበት።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ይህን የምንነግራችሁ ሁላችሁም በየቤታችሁ ወንበር እንድትፈቱ አይደለም። ለባለሙያ ስትሰጡ ምን መጠየቅና ምን ማየት እንዳለባችሁ እንድታውቁ ነው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይባል የለ?

አንደኛ፣ ዕቃ ስትመርጡ። ሙቀቱ ሲበዛ ራሱን የሚያጠፋ ቴርሞስታት ያለው፣ ሁለት ደረጃ ያለው፣ የራሱ ሪሌና ፊውዝ ያለው ይሁን። መመሪያው በሚገባ የተጻፈ ይሁን። ዋጋው ረክሶ እነዚህ የጎደሉት ዕቃ ርካሽ አይደለም፤ ቀሪውን ሒሳብ በኋላ ነው የሚያስከፍለው።

ሁለተኛ፣ ወንበሩ ከመነካቱ በፊት። የባትሪው ነጌቲቭ ይፈታ፤ ከዚያም የመኪናው መመሪያ የሚያዝዘውን ያህል ደቂቃ ይጠበቅ። ምክንያቱም አንዳንድ መኪኖች ከኋላ ወንበር ጎንም ኤርባግ አላቸው። የኤርባግ ሽቦና መጋጠሚያ አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ ነው። ቢጫ ያየ ሰው እጁን ይሰብስብ። ኤርባግ ያለበት የወንበር ጎን አይቀደድም፣ አይሰፋም፣ ጨርቅም አይለጠፍበትም። ኤርባጉ የሚወጣው በዚያ ስፌት በኩል ነውና።

ሦስተኛ፣ ወንበሩ ሲፈታ። በብዙ የቤት መኪኖች የኋላው መቀመጫ ከፊት ጠርዙ ወደ ላይ ሲሳብ ከመያዣው ይወጣል፤ በሌሎቹ ቡሎን አለው። መደገፊያው ከታች በቡሎን፣ ከላይ በመንጠቆ ይያዛል። ልብሱ ከስፖንጁ ጋር የታሰረው በትናንሽ የሽቦ ቀለበቶች ነው። ሠራተኛው ቀለበቶቹን በፒንሳ ቆርጦ በአዲስ ይተካ፤ በክር አስሮ አይመልሰው። ቀለበቱ ወይም መያዣው ብረት የማሞቂያውን ጨርቅ እንዳይወጋው ይታይ።

አራተኛ፣ ጨርቁ ሲነጠፍ። ሳይታጠፍና ሳይጨማደድ ይነጠፍ። የታጠፈበት ቦታ ሙቀት ይከማቻል፤ ከሌላው ቀድሞ የሚያቃጥለውም እሱ ነው። ስፖንጁ ላይ ጎድጎድ ያለ መስመር ካለ፣ ጨርቁ መመሪያው በሚያዝዘው መንገድ ይለፍበት። መመሪያው «አይቆረጥም» ካለ አይቆረጥ። ሰው የሚንበረከክበትና ልጆች የሚቆሙበት ጠርዝ ላይ አይድረስ።

አምስተኛ፣ ሽቦው። ኤሌክትሪኩ ከሚነሣበት ቦታ አጠገብ ፊውዝ ይኑር፤ ከመንገዱ መጨረሻ ላይ አይደለም። ፊውዙ ሽቦው ከሚችለው አይብለጥ። ለምሳሌ ለሁለት ወንበር 15 አምፔር ፊውዝ ቢደረግ፣ ሽቦው በአሜሪካው አቆጣጠር 14 ቁጥር ቢሆን ያስተማምናል። በዚህ አቆጣጠር ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል፤ ይህን አትሳቱ። መጋጠሚያው በማጣበቂያ መሣሪያ ይጠበቅ ወይም ይበየድ፤ በፕላስተር ብቻ አይጠቅለል። በብረት አጠገብ የሚያልፈው ሁሉ በላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይለፍ። ወንበሩ በሚታጠፍበት ማጠፊያ ላይ ሽቦው ትርፍ ርዝመት ይኑረው።

ስድስተኛ፣ ሪሌው። ማሞቂያው የሚሠራው የመኪናው ቁልፍ ሲበራ ብቻ እንዲሆን ይገጠም። እንዲህ ካልሆነ መኪናው ቆሞ ማሞቂያው ሲሠራ ያድራል። ባትሪ ደግሞ በብርድ ይደክማል፤ በዜሮ ፋራናይት ከኃይሉ ከግማሽ በላይ ያጣል ይባላል። ጠዋት ለሥራ ስንነሣ «ጥ» ብሎ ይቀራል።

ሰባተኛ፣ ማብሪያው። ይህ የኛ የራሳችን ምክር ነው። የኋላ ወንበር ማብሪያ ከኋላ ብቻ እንዲሆን አታድርጉ። ዋናው ማጥፊያ ሹፌሩ እጅ ሥር፣ መብራቱም በሚያየው ቦታ ይሁን። ልጆች ተጫውተውበት፣ ወይም ሰው ወርዶ ረስቶት እንዳይቀር።

ሥራው ሲያልቅ መኪናውን ተቀብላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት 20 ደቂቃ አብርታችሁ በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ ፈትሹ። አንድ ቦታ ላይ ከሌላው የበለጠ የሚያቃጥል ካለ፣ አልቀበልም በሉ። የዳሽቦርዱን መብራቶችም እዩ። የኤርባግ ወይም የቀበቶ ምልክት በርቶ ከቀረ አንድ ሽቦ ተነክቷል ማለት ነው። የልጅ ወንበር የሚታሰርባቸው ብረቶች በመቀመጫውና በመደገፊያው መካከል እንደ ቀድሞው መገኘታቸውንም አረጋግጡ።

ፕሪየስ የምትነዱ ደግሞ ለብቻችሁ የምንነግራችሁ አለ። ታክሲ ለሚነዱና ሰው ለሚያመላልሱ ወንድሞቻችን የቶዮታ ፕሪየስ እንደ ቤት ከብት ነው። ከ2004 እስከ 2015 ባሉት ተራ የፕሪየስ ሞዴሎች ትልቁ ባትሪ ያለው ከኋላ ወንበር ጀርባ ነው። ኃይሉም ወደ 200 ቮልት ይደርሳል፤ ሰው ይገድላል። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ወፍራም ገመዶች የዚህ ባትሪ ናቸው። ብርቱካናማ ገመድ ለሠለጠነ ሰው ካልሆነ በስተቀር አይነካም፤ ቡሎን ለማጥበቅ ብሎ እንኳ አይነቀነቅም። ከኋላ ወንበሩ ጎን፣ በተሳፋሪው በኩል፣ ወንፊት የመሰለ የአየር ማስገቢያ አለ። ትልቁ ባትሪ የሚቀዘቅዘው በዚያ በሚገባው አየር ነው። በሽቦ፣ በጨርቅ፣ በጋቢም ሆነ በዕቃ አትዝጉት። ከ2016 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ገብቷል፤ ወንበሩን ማንሣት ማለት ባትሪው ላይ መድረስ ማለት ነው። ስለዚህ በእነዚህ መኪኖች ላይ የሚሠራው ሃይብሪድ የሚያውቅ ባለሙያ ብቻ ይሁን።

ስለ ሕፃናት። በልጅ ወንበር ሥር ማሞቂያ አይበራም፤ ነገሩ አጭር ነው። የልጅ ወንበር በኃይል ተስቦ ስለሚታሰር የማሞቂያውን ሽቦ ይጫነዋል፤ ሙቀቱም ታፍኖ ይቀራል። ልጁን የሚያሞቀው ልብሱ ነው። እዚህ ላይ ግን ሌላ ስሕተት አለ። ወፍራም ጃኬት አልብሰን ቀበቶውን ከላይ እናጠብቃለን። አደጋ ሲደርስ ጃኬቱ ይሟሽሽና ቀበቶው ላልቶ ይቀራል። እስቲ ቤታችሁ ሞክሩት፦ ልጁን ጃኬቱን እንደለበሰ ቀበቶውን አጥብቁ። ከዚያ ቀበቶውን ሳታላሉ ፈትታችሁ ጃኬቱን አውልቁና መልሳችሁ እሰሩት። ምን ያህል ክፍተት እንደነበረ ታያላችሁ። መላው፣ በስስ ልብስ ካሰሩት በኋላ ብርድ ልብሱን ወይም ጃኬቱን ከላይ ማልበስ ነው።

ስለ አረጋውያን። የስኳር በሽታ፣ ስትሮክ ወይም እግር መደንዘዝ ያለባቸውን ስታሳፍሩ ማሞቂያው ይጥፋ፤ መኪናውን አስቀድማችሁ አሙቁት። ለሌሎቹ ሰው ከመግባቱ በፊት ይብራ፤ ከገቡ በኋላ በዝቅተኛው ደረጃ ለ10 ደቂቃ ያህል ይቆይና ይጥፋ። ወንበሩ ላይ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ አታንጥፉ፤ ሙቀቱን ያፍነዋል። ጋቢው ከላይ ይደረብ እንጂ ከሥር አይነጠፍ። የደነዘዘ እግር ያለው ሰው ወደ ቤት ሲመለስ ቤተሰቡ ገላውን ይይለት።

አንዳንዶቻችሁ «ማሞቂያ ባስገባ የመኪናዬ ዋስትና ይቀርብኛል ወይ?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው የአሜሪካ የዋስትና ሕግ መሠረት፣ የሌላ ፋብሪካ ዕቃ ስለገጠማችሁ ብቻ ሻጩ ዋስትናችሁን ሁሉ ሊሰርዝ አይችልም። ነገር ግን ያ ዕቃ ወይም አገጣጠሙ ያመጣውን ብልሽት የመክፈል ግዴታ የለበትም። ስለዚህ ደረሰኙንና የሠራውን ቤት ስም አስቀምጡ። መኪናው በኪራይ የተያዘ ከሆነ ባለቤቱን ሳትጠይቁ አትንኩት።

አሁን ደግሞ ገንዘብ ስለማያስወጣው መፍትሔ። ማሞቂያ ከመግዛታችሁ በፊት ያላችሁን ሙቀት አግኙት። በብዙ መኪኖች ከፊት ወንበሮች ሥር ወደ ኋላ ሰዎች እግር የሚነፍስ የአየር ቱቦ አለ። እኛ ግን ከዚያ ሥር ጫማ፣ የበረዶ መጥረጊያና የገበያ ቦርሳ እናጭቅበታለን። አውጡትና እዩ። ነፋሱንም ወደ እግር አቅጣጫ አድርጉት፤ ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ከእግር ሲነሣ ሁሉንም ያዳርሳል። የአየር ማጣሪያው ካልተለወጠ ነፋሱ ይደክማል። ረጅም መንገድ ከነዳችሁም በኋላ አየሩ ለብ ያለ ብቻ ከሆነ፣ የሞተሩ ቴርሞስታት ክፍት ሆኖ ቀርቷል ወይም የራዲያተሩ ፈሳሽ ጎድሏል ማለት ሊሆን ይችላል። ያን ማሠራት ወንበር ከማስፈታት ይረክሳል፤ ለሁሉም ተሳፋሪ ይደርሳል።

በሲጋራ መለኮሻው ሶኬት የሚሰካ የወንበር ምንጣፍ የምትጠቀሙም አላችሁ። እሱም ቢሆን የሶኬቱ ፊውዝ ስንት አምፔር እንደሆነ ታይቶ ነው፤ በብዙ መኪኖች 10 ወይም 15 ነው። ሁለት ምንጣፍ በአንድ መከፋፈያ ላይ አትሰኩ። መሰኪያው በእጅ ሲነካ ከጋለ ነቅላችሁ ጣሉት። ከመኪና ስትወርዱ ደግሞ ሁልጊዜ ንቀሉት።

እግረ መንገዳችንን አንድ ከዚህ የከፋ ነገር እናሳስብ። መኪና ለማሞቅ ብላችሁ በተዘጋ የቤት ጋራዥ ውስጥ ሞተር አታስነሡ፤ በሩ ተከፍቶም ቢሆን። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ ከጋራዡ ወደ መኝታ ቤት ይገባል። ውጪ የቆመ መኪናም ቢሆን የጭስ ማውጫው በበረዶ ተደፍኖ ከሆነ ጭሱ ወደ መኪናው ውስጥ ይመለሳል። ስለዚህ ሞተር ከመነሣቱ በፊት በመጀመሪያ የሚጠረገው የፊት መስተዋቱ አይደለም፤ የጭስ ማውጫው ዙሪያ ነው። ሕፃን ውስጥ አስቀምጦ በረዶ የሚጠርግ ሰው ይህን በፍጹም አይርሳ።

ወደ ማጠቃለያው እንምጣ። የማኅበሩ ሥራ አመራር የሚከተለውን ወስኗል።

1. አረጋውያንን በተራ የሚያመላልስ መኪና የኋላ ወንበር ማሞቂያ ካለው፣ ባለመኪናው አስቀድሞ ያሳውቅ። ፊውዝና ሪሌ እንዳለው፣ ዋናው ማጥፊያም ከፊት እንደሆነ ሳይታይ በተራው ዝርዝር ውስጥ አይገባም።

2. ከነዋሪዎቻችን መካከል የመኪና ኤሌክትሪክ ሙያ ያላቸው ሁለት ወንድሞች በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ከሕንጻው በስተጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ ላይ ፍተሻውን በነጻ ሊያደርጉ ተስማምተዋል። ፈትሸው ይነግሯችኋል እንጂ እዚያው ጥገና አይሠሩም።

3. ለአረጋውያን ተሳፋሪዎች የሚደረቡ ንጹሕ ብርድ ልብሶች በማኅበሩ ገንዘብ ተገዝተዋል። ተረኛው ሹፌር ከጽሕፈት ቤቱ ወስዶ ይመልሳል፤ ለመኪናው መጥረጊያ አያደርገውም።

4. ፊውዝ የሌለው ማሞቂያ ያስገባ ሰው እስኪያስተካክለው ድረስ እንዳያበራው አደራ እንላለን። ማንንም አንወቅስም፤ እንዲታይለት ብቻ ይምጣ።

እናቶቻችንና አባቶቻችን፣ እናንተንም እንለምናለን። መኪና ውስጥ ሲቃጠል የሸተታችሁ፣ ወይም ከወገባችሁ በታች የበዛባችሁ እንደሆነ ተናገሩ። ሹፌሩን ማስቸገር አይደለም፤ ልጆቹን ማዳን ነው። ያቺ እናታችን ባለፈው ዓመት ያደረጉት ይህንኑ ነው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ብርዱ አጣድፎን የማንመልሰው ነገር እንዳንሠራ፤ ቀስ ብለን፣ አይተን፣ ጠይቀን እንሥራው። የበረዶውን ወራት በሰላም ያሻግረን።



የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
ጸሐፊ